«ልምድ የለኝም» ያለው እረኛ

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ወጣ ብለን ስለ አንዲት ገጽ ወረቀት እናውራ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት ቆሼ ነበርኩ። ቆሼ ስል አዲስ አበባ ቆሻሻ የሚደፋበትን ማለቴ አይደለም (ይህን ሳላስተባብል ስለ አገሬ አውርቼ አላውቅም)። ከቡታጅራ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን፣ የማረቆ በርበሬ የሚመጣባትን ቆሼን ነው። የታላቅ ወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቱን ጨርሶ ለእረፍት መጥቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ አካባቢ አንድ ልጅ አልፎ ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ «ልጃችን» ይለዋል። ስለዚህ ምን ይማር የሚለውም የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው።

ልጁ የእንስሳት ሕክምና መማር ይፈልጋል። ለአገር ውስጡ የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ መሙላት አለበት። ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል እያመለከተ ነው፤ እነሱ ደግሞ አንድ ገጽ ጻፍ ይላሉ። ለምን ይህን ሙያ መረጥክ? ወደፊት በምን ዘርፍ መሥራት ትፈልጋለህ? እስካሁን ምን ልምድ አለህ?

ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ ያለው ይኸው ነው፦ «እኔ ከከብት ጭራ ላላቅቀው ብዬ ነው ያስተማርኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመልሶ ከከብት ጭራ ስር?»

ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

ማታ ልጁ ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ እያት» አለኝ። ደብዳቤዋ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለእንስሳት ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ» ብላ ትጀምራለች። ይህ ልጅ ፍየሎቹን በድንጋይ ሲያባርር አይቼዋለሁ። ቀጥላ «የአገሪቱን የእንስሳት ሀብት ዘርፍ ለማዘመን ያለኝ ራዕይ» ትላለች። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ እንዲህ የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፦ «በእንስሳት ሕክምና ዘርፍ ምንም ልምድ ባይኖረኝም ለመማር ዝግጁ ነኝ።»

«ይህን ማን ጻፈልህ?» ስለው አንገቱን ደፋ። ቻትጂፒቲ ነው። በእሱ አልፈርድም። ሚኒስትር ንግግር በሚያጽፍበት ዘመን ልጁ አንድ ገጽ ቢያጽፍ ምን ይደንቃል። የቆጨኝ ግን «ምንም ልምድ ባይኖረኝም» የምትለዋ ናት፤ እሷን ማሽኑ ከራሱ አላመጣትም፣ ልጁ ነው የነገረው።

ስልኩን አስቀምጠን ማውራት ጀመርን። «ላም መታመሟን በምን ታውቃለህ?» አልኩት። ጥያቄው ሞኝነት መስሎት ነው የመለሰልኝ። ማመስኳት ታቆማለች። አፍንጫዋ ይደርቃል። ጆሮዋን ስትነካው ይቀዘቅዛል። ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ዝንብ ሲያርፍባት እንኳ ጭራዋን አታወዛውዝም። ይህን ሁሉ የተናገረው ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ከዚያ የወይፈኑን ነገር አነሳ። 11 ዓመቱ ገደማ ሳለ ነው። ከቤቱ ወይፈኖች ሁሉ የሰባው አንድ ጠዋት ማንከስ ጀመረ። ጭኑ አብጧል። ልጁ እብጠቱን በመዳፉ ሲጫነው ከቆዳው ስር የደረቀ ቅጠል እንደሚረገጥ ኮሽ ኮሽ አለ። የሰፈሩ ሰው «ጎርባ ነው» አለ። ብረት አግለው ተኮሱት። ከሰዓት በኋላ «ሳይሞት ይታረድ» ተባለና ታረደ፤ ሥጋው ለቅርጫ ተከፋፈለ። አያቱ ግን «አባ ሰንጋ ቢሆንስ?» ብለው ድርሻቸውን አልወሰዱም። ሌላው ወሰደ። ልጁም በላ። ያን ሌሊት እሞታለሁ ብሎ ሳይተኛ አደረ።

«እስካሁን አላወቅኩም» አለኝ። «ያ ሥጋ ይበላ ነበር ወይስ አይበላም?»

ወዳጆቼ፣ የሙያ ፍላጎት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ከቆዳ ስር ኮሽ የሚለው እብጠት የእንስሳት ሐኪሞች መጽሐፍ ላይ የጎርባ ዋና ምልክት ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ጀርሙ ሥጋው ውስጥ ጋዝ እየፈጠረ ነው እንዲያ የሚያሰማው። ወጣትና የሰባ ከብት እየመረጠ መግደሉም እንደዚያው። አያቲቱ የፈሩት ነገርም ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ጎርባ ሰው ላይ የሚተላለፍ ተብሎ አይቆጠርም፤ አባ ሰንጋ ግን ይተላለፋል፣ ቆዳ የገፈፈውን ሰው እጅ እንኳ ያቆስላል፣ የበላውን ሊገድል ይችላል። ለሁለቱም ክትባት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ አገር ያመርተዋል። እንግዲህ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ምልክቱን በእጁ ዳስሶ አውቋል፣ አንዲት አሮጊት የሕብረተሰብ ጤና ጥያቄ ጠይቀዋል፣ መልስ የሚሰጥ ሐኪም ግን ከአካባቢው አልነበረም። ልጁ ይህን ሁሉ ይዞ «ምንም ልምድ ባይኖረኝም» ብሎ ይጽፋል።

ለምን? ልምድ ማለት ነጭ ጋውን ለብሶ ከሐኪም ጎን መቆም ብቻ ይመስለዋል። አሜሪካ ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚያመለክት ሰው ቪኤምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ ልምዱን በሰዓት ቆጥሮ ይሞላል። ማመልከቻው ግን ሁለት ነገር ለይቶ ይጠይቃል፦ በሐኪም ሥር የተሠራ ሥራ አንድ፣ ያለ ሐኪም ከእንስሳት ጋር የተሠራ ሥራ ሌላ። እርሻ ላይ ከብት ማገድና መንከባከብ በሁለተኛው ይገባል። እዚያ ያሉ ልጆች በመቶ የሚቆጠር ሰዓት ለመሙላት ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ያገለግላሉ። እስቲ የእኛን ልጅ እናስላው። በቀን 4 ሰዓት እንበል፣ በዓመት 200 ቀን፣ ለ8 ዓመት፤ 6,400 ሰዓት ይመጣል። ማታ ላም ማለቡንና አህያዋን ለውሃ መጫኑን አልቆጠርኩም።

«የእረኛ እውቀት ከሳይንስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ለእሱ የደስታ በሽታን ላስታውሰው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው ይህ በሽታ የአገሪቱን ከብት ጠራርጎ ገደለ፤ ከ10 ከብት 9ኙ አልቋል የሚሉ ግምቶች አሉ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ክፉ ቀን ያልነውም ያን ጊዜ ነው። ከ100 ዓመት በኋላ በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻ ምሽጉ አፋር ነበር። መኪናና ማቀዝቀዣ የያዘው የመንግሥት የክትባት ቡድን ሁሉም ቦታ መድረስ አልቻለም። ያኔ ነው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት የተያዘውና ከአርብቶ አደሩ ከራሱ መካከል ሰዎች ተመርጠው፣ አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው፣ በእግራቸው መንጋውን ተከትለው መክተብ የጀመሩት። ከብቶቹ የት እንደሚያድሩ፣ የትኛው ተከትቦ የትኛው እንደቀረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አፋር ላይ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ2011 ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ሐኪሞቹና ተመራማሪዎቹ ባይኖሩ ክትባቱ አይኖርም ነበር፤ እረኞቹ ባይኖሩ ደግሞ ክትባቱ ሳጥን ውስጥ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ አገር ውስጡ ቅጽ እንመለስ። የትምህርት ክፍል ምርጫ ላይ ተማሪው ከ1 ጀምሮ ደረጃ ይሰጣል፤ ከዚያ ውጤቱ ይወስናል። ለምን የሚል ጥያቄ የለም። ከ65 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት አገር፣ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ የሆነች አገር፣ የእንስሳት ሐኪም ልታደርገው የተዘጋጀችውን ልጅ «ላም ነክተህ ታውቃለህ?» ብላ አትጠይቅም። የሰው ሕክምና ያመለጠው ልጅ ተከፍቶ ይገባል። ከመንጋ የመጣው ልጅ አባቱ ስለሚያፍር ወደ ታች ያወርደዋል። የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ዛሬ ትምህርቱ ጎንደር፣ ጅማ፣ መቀሌ፣ ሐረማያና ሌሎችም አሉ። መቀመጫው በዝቷል፤ መቀመጫው ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው ግን አልተነሳም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ጥሩ አድርጎ ሞገተኝ። «ድርሰት ጠይቁ ካልክ የሚጠቀመው የቦሌ ልጅ ነው። እንግሊዝኛው ያማረ፣ ደብዳቤ የሚያርምለት ወላጅ ያለው። ውጤት ቢያንስ ፊት አያይም» አለኝ። እውነቱን ነው። የወንድሜ ልጅ የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ራሷ ምስክር ናት፤ የሌላ ሰው ልሳን ተውሶ የራሱን ሕይወት ሰረዘ። ስለዚህ በድርሰት ነጥብ ይሰጥ አልልም። በሚችለው ቋንቋ የአሥር ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ቢሆንስ? ለአንድ መጠነኛ ነጥብ ብቻ? እሱም በዘመድ ይበላሻል ትሉኛላችሁ። ይበላሻል። እዚህ ላይ ራሴም አልቆረጠልኝም። ግን ምንም ሳይጠይቁ መመደብም ገለልተኝነት አይደለም፤ ጎርባን በመዳፉ የሚያውቀውንና ላም በቴሌቪዥን ያየውን እኩል «ልምድ የሌለው» ማድረግ ነው።

ወደ ደብዳቤዋ። ሌሊቱን እንደ አዲስ ጻፋት፤ እኔ ከጎን ሆኜ የሰረዝኩት ይበዛል። ጥልቅ ፍቅር ወጣ። ራዕይም ወጣ። በወይፈኑ ጀመረ። ከዚያ የማያውቀውን በግልጽ እንዲጽፍ ነገርኩት፦ ክሊኒክ ገብቶ አያውቅም፣ ቀዶ ጥገና አላየም፣ የሚያውቀው ከብት፣ ፍየልና አህያ ነው፣ ስለ ዶሮ እርባታና ስለ ቤት ውሻ የሚያውቀው የለም። ይህን ማመን ያሳፍራል ብሎ ተከራከረኝ። እኔ ግን የሚቀበሉት ሰዎች ብሆን 19 ዓመት የሆነው ልጅ ሁሉን አውቃለሁ ካለኝ ነው የምፈራው።

በማግስቱ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወሰድኩትና ባለሙያውን «ጥቂት ቀን አጠገብህ ይቁም» ብዬ ለመንኩለት። ባለሙያው ሳቀና «አህያ የሚይዝልኝ ካገኘሁ ምን ከፋኝ» አለ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣ የመጀመሪያ ወሬው ስለ ጋሪ አህዮች የጀርባ ቁስል ነበር። ቁስሉ ሳይሆን መጫኛው ነው መታከም ያለበት ብሎ ያስረዳኝ ጀመር፤ ኮርቻው ስር የሚገባው ጨርቅ ካልተለወጠ በየሳምንቱ ቅባት መቀባት ዋጋ የለውም አለኝ። ገበያ ቀን ከጨርቅ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን እያነሱ የሚሸጡ ሰዎችን አይቶም ተናዷል። ድሮም በዚያው ገበያ በኩል ያልፍ ነበር፤ አሁን ነው ያየው።

«ወደፊት በምን ዘርፍ?» ለምትለዋ ጥያቄ ግን ተቸገረ። ሙያውን መርፌ መውጋት ብቻ አድርጎ ነው የሚያስበው፤ አባቱም የሚያፍረው በዚሁ ነው። የቄራ ሥጋ የሚመረምረው ማን ነው? የእንስሳት ሐኪም። ክትባት የሚሠራው፣ የወተት ላሞች የሚከታተለው፣ የእብድ ውሻ በሽታን ከምንጩ የሚይዘው? ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲኬድ ያለው የግቤ ሸለቆ ላይ በቆላ ዝንብ ስለሚተላለፈው ገንዲ ለዓመታት የተጠናው ዓለም አቀፍ ምርምር ድረስ የተጻፈበት ነው፤ ለእሱ ግን ይህን የሚነግረው መምህር አልነበረም። ከፍ ብሎ ያለው ደጋው ደግሞ እንሰት ነው፤ ከብት ከሌለ ፍግ የለም፣ ፍግ ከሌለ እንሰት የለም። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ የሥጋ ምርመራና ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ይስቡኛል፣ ምክንያቴ ያ ወይፈን ነው፣ ስማር ሐሳቤ ሊለወጥ እንደሚችል አውቃለሁ። ሦስት መስመር ብቻ ነች።

ስለ ደመወዝም ዋሽቼ አላባበልኩትም። ወረዳ ላይ ያለ የእንስሳት ሐኪም ደመወዙ ለወር እንደማይበቃ፣ ሞተር ቢኖር ቤንዚን እንደሚጠፋ፣ ቤንዚን ቢገኝ መድኃኒት እንደሚያልቅ ባለሙያው ራሱ ነግሮታል። ወንድሜም እንደ ነጋዴ አስልቶ ነው የሚቃወመው፤ ስሌቱ ሞኝነት የለበትም።

ልሰናበት ስል ደብዳቤዋን ለወንድሜ አነበብኩለት። የወይፈኑ ቦታ ላይ ሲደርስ «ያን ሌሊት አልተኛህም እንዴ?» አለው ልጁን። አያውቅም ነበር። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እኔም አልተኛሁም» አለ።

ደብዳቤዋ ዓርብ ትላካለች። የአገር ውስጡ ቅጽ ላይ ግን አሁንም አንደኛ ምርጫው የሰው ሕክምና ነው፤ የሞላው አባቱ ፊት ነው። ማስተካከያ እስከ ሰኞ ይፈቀዳል ተብሏል።