የዝዋይ ዓሣና የዝዋይ ሰው

ሰሞኑን መርካቶ ሸማ ተራ፣ አንድ የስልጤ ልጅ ሱቅ ውስጥ ነጠላ እያማረጥኩ ጨዋታችን ዝዋይ ደረሰ። «ዝዋይማ ዓሣ ነው፣ ጋሼ!» አለኝ። «ሰውስ?» ብለው ሳቀ።

አልፈርድበትም። እኛ የተማርን የተባልነው መቼ ከእሱ ተሻልን? የደሴቶቹ ነገር ሲነሳ የምናወራው ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ከአክሱም መጥታ ቱሉ ጉዶ ላይ 70 ዓመት ያህል አረፈች የሚለውን ትውፊት ነው። ቀጥሎ የብራና መጻሕፍቱን። አበቃ! ትውፊቱን አልነካም፤ ብራናውም ክብር ይገባዋል። ግን ለመሆኑ ብራናውን ከእሳትና ከምስጥ ያዳነው ማነው? ድንጋዩ ነው? ዳገቱን እርከን ሠርቶ ያረሰ፣ ዓሣ ያጠመደ፣ ሸማ የሸመነ፣ በታንኳ ተሻግሮ ከአርሲ ኦሮሞ ጋር የተገበያየ ዘይ የሚባል ሕዝብ እኮ ነው!

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ዝዋይ ብራና ብዙ ለፍልፌያለሁ፤ ስለ ዘይ ተረት ግን አንዲት ደቂቃ አላወራሁም።

ዘይኛ የስልጢኛና የአደርኛ የሥጋ ዘመድ ነው። ያ ልጅ የአክስቱን ልጅ ነው ዓሣ ያደረገብኝ! ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ማንነቱን አስከበረ፤ አበጀ። ዘይኛ የሚናገረው ግን ጥቂት ሺህ ሰው ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ብዙው ከደሴቶቹ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥቶ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየለመደ የራሱን እየተወ ነው። ብራናው ቢጠፋ አገር ይጮሃል። ለዚህኛው ማን ይጩህ?

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ነጠላውን እያጠፈ፣ «ጋሼ፣ ቢያወሩ ይገባኝ ይሆን?» አለኝ።

«መቂ ሩቅ አይደለም፤ ሄደህ ስማቸው።»

«ሱቁን ማን ይጠብቅልኛል?»