ፍጥነት ብቻውን ኳስ አይቀልብም

የሯጮች አገር ልጆች ነንና ፍጥነትን ልንንቅ አይቻለንም። በ1964 በቶኪዮ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ማሸነፉን፣ በ1968 ደግሞ በሜክሲኮ ከተማ ማሞ ወልዴ ድሉን መድገሙን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚያው ሁለት ኦሊምፒኮች የመቶ ሜትሩን ወርቅ የወሰዱት ሁለት አሜሪካውያን ግን ከድላቸው በኋላ ወዴት እንደ ሄዱ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሁለቱም የሄዱት ወደ አሜሪካ ፉትቦል ነው። ሥራቸውም የኳስ ተቀባይ ሥራ ነበረ፤ ይኸውም ወርዋሪው ከሩቅ የሚልከውን ኳስ ተከላካይን አምልጦ መቅለብ ማለት ነው። የሁለቱ ዕድል መለያየት ዛሬ ለተነሣንበት ክርክር የመጀመሪያ ምስክራችን ነው።

ቦብ ሄይስ በቶኪዮ መቶውን ሜትር በ10.0 ሰከንድ ጨረሰ። በ1965 ለዳላስ ካውቦይስ መጫወት ሲጀምር በመጀመሪያው ዓመት 46 ኳስ ቀልቦ 1,003 ያርድ አስገኘ፤ 12 ጊዜም አስቆጠረ። በ2002 ቢሞትም በ2009 ስሙ በፉትቦል የዝና አዳራሽ ገባ። ጂም ሃይንስ ደግሞ በሜክሲኮ በ9.95 ሰከንድ ሮጠ፤ በኤሌክትሪክ ሰዓት ከ10 ሰከንድ በታች ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበረ። በሰዓቱ ከፈረድን ሃይንስ ከሄይስ ሊበልጥ ይገባው ነበር። ነገር ግን በ1969 ለማያሚ ዶልፊንስ ሲጫወት በዓመቱ የቀለበው ኳስ 2 ብቻ፣ ያስገኘውም 23 ያርድ ብቻ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሄይስ ከቶኪዮ በፊትም በኮሌጁ ፉትቦል ይጫወት ስለ ነበር እግሩና እጁ አብረው ተምረዋል፤ ሃይንስ ግን በሥልጠናው ሯጭ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል፤ ትምህርቱ ግን በደንብ የተያዘ አይመስለንም። የሊጉ 32 ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል። ባለፈው ዓመት የተሸነፈው ቡድን አስቀድሞ ይመርጣል፤ ምርጫውም በ7 ዙር ይፈጸማል። ከ1987 ጀምሮ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ሲደረግ በቆየው የዕጩዎች ምዘና ከሁሉ ይልቅ ወሬው የሚበዛለት የ40 ያርድ፣ ማለት የ36 ሜትር ተኩል ያህል ሩጫ ነው። ወጣቱ የሚሮጠው ብቻውን ነው። የሚገፋው ተከላካይ የለም፤ የሚቀልበው ኳስ የለም፤ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ አላጠለቀም፤ መታጠፍም የለበትም። ሰዓቱ እንኳ የሚነሣው እሱ ራሱ ሲንቀሳቀስ ነው። በጨዋታ ላይ ከእነዚህ ነገሮች አንዱም አይገኝም።

በ2017 ጆን ሮስ ይህን ርቀት በ4.22 ሰከንድ ጨርሶ የምዘናውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሲንሲናቲ ቤንጋልስም በ9ኛ ተራ ወሰደው። በዚያው ዓመት ኩፐር ከፕ በ4.62 ሰከንድ ሮጠ፤ ሎስ አንጀለስ ራምስ በ3ኛው ዙር እስኪጠራው ድረስ የ68 ሰዎች ስም አስቀድሞ ተጠራ። ሮስ በመጀመሪያው ዓመት አንድም ኳስ አልቀለበም፤ ለቤንጋልስና ኋላም ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ተጫውቶ በ5 የውድድር ዓመት የቀለበው 62 ነው። ከፕ ግን በ2021 በአንድ የውድድር ዓመት ብቻ 145 ቀልቦ 1,947 ያርድ አስገኘ፤ 16 ጊዜም አስቆጠረ። በሦስቱም ከሊጉ አንደኛ ከመሆኑም በላይ የዚያው ዘመን የሱፐር ቦል ኮከብ ተባለ። ሮስ በጉዳት እንደ ተፈተነ፣ ከፕም ዝቅ ባለ ምድብ ከሚወዳደር ዩኒቨርሲቲ በመምጣቱ እንደ ተጠረጠረ አንክድም። ወቀሳችን በተጫዋቹ ላይ ሳይሆን በመራጮቹ ሚዛን ላይ ነው።

የሰዓት ወዳጆች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። «ሙያን ማስተማር ይቻላል፤ ፍጥነትን ግን አሠልጣኝ አይሰጥም» ይላሉ። የሁለተኛው ግማሽ እውነትነት አያጠራጥርም፤ የመጀመሪያው ግማሽ ግን በቀላሉ የሚነገረውን ያህል ቀላል አይደለም። በሊጉ ደንብ ተከላካዩ በመጀመሪያው 5 ያርድ ውስጥ ተቀባዩን በእጁ መግፋትና ማዘግየት ይፈቀድለታል። ከዚያ ለማምለጥ እጅና እግር በአንድነት መሥራት አለባቸው። ቀጥሎ ተቀባዩ ሩጫውን መለዋወጥ ይገባዋል፤ ምሩጽ ይፍጠር ማርሽ ቀያሪው የተባለው ከሁሉ ስለ ፈጠነ ሳይሆን መቼ እንደሚፈጥን ባላንጣው ስለማያውቅ እንደ ነበረ ለኛ የሚነግረን አያስፈልግም። በመጨረሻም በሙሉ ኀይል ሲሮጥ ወገቡን ዝቅ አድርጎ በሁለትና በሦስት እርምጃ መታጠፍ፣ ወርዋሪው ኳሱን በሚለቅበት ቅጽበት ከተባለው ቦታ መገኘት፣ ኳሱንም በሰው መካከል አይቶ መቅለብ አለበት። ይህ በሁለት ክረምት ልምምድ የሚገኝ ሙያ አይደለም።

ጄሪ ራይስ የግንበኛ ልጅ ነበረ፤ በልጅነቱም ወንድሞቹ የሚወረውሩለትን ጡብ እየቀለበ አባቱን ይረዳ ነበር። በ1985 ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ በ16ኛ ተራ ሲመርጠው ሌሎች ሁለት ኳስ ተቀባዮች ቀድመውት ተመርጠው ነበር። ጨዋታ ሲያቆም የቀለበው ኳስ 1,549፣ ያስገኘውም 22,895 ያርድ ደርሶ ነበር። ሙያ በልብ ነው ይላል ያገራችን ሰው፤ በሰዓት ነው አላለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እየታወቀ ሰዓቱ ለምን ይህን ያህል ይከበራል? በኛ አስተያየት ምክንያቱ ሰዓቱ ተጫዋቹን ስለሚገልጥ ሳይሆን መራጩን ስለሚከላከልለት ነው። ፈጣኑን መርጦ የተሳሳተ ሰው «ቁጥሩን ተመልከቱ፤ ማን ይተወው ነበር?» ብሎ ይድናል። ዘገምተኛውን መርጦ የተሳሳተ ግን የሚሸሸግበት ቁጥር የለውም፤ ያየውን ዐይኑንና የፈረደውን አእምሮውን ብቻ ይዞ በአለቆቹ ፊት ይቆማል። ስለዚህ ቁጥሩ የፍርድ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ከፍርድ ማምለጫ ይሆናል።

ሰዓቱ ይሰበር አንልም። የሄይስ ታሪክ እንደሚያስረዳን ሙያ ያለው ሰው ፍጥነት ሲጨመርለት ኀይሉ እጥፍ ይሆናል። የምንለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው። በመጀመሪያ መራጩ የጨዋታውን ፊልም ይመልከት፤ ወጣቱ ተከላካይ ሲገፋው እንዴት እንደሚያመልጥ፣ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ በሰው መካከል ምን እንደሚቀልብ ይመርምር፤ ፍርዱንም በጽሑፍ ያስፍር። ሰዓቱን ከዚያ በኋላ ያንብብ። ሰዓቱ ከፍርዱ ጋር ካልተስማማ ወደ ፊልሙ ይመለስ እንጂ ፍርዱን አይቅደድ።

ነገሩ የሩቅ አገር ጨዋታ ቢሆንም የሚመዘኑት የኛው እኩዮች፣ የ21 እና የ22 ዓመት ተማሪዎች ናቸው። በተራው ዝቅ ያለ ብዙ ገንዘብ ይቀርበታል፤ ከሙያው በላይ ከፍ የተደረገውም ሌሎች በጫኑበት ተስፋ ምክንያት «የከሸፈ» የሚል ስም ተሸክሞ ይኖራል። እኛም በጥቂት ሰዓታት ፈተና በተገኘ ቁጥር የትምህርት ክፍል የተመደብን ስለ ሆንን ይህ ዓይነቱ ሚዛን እንግዳችን አይደለም። ነገ ከመካከላችን መምህር፣ የሥራ ኀላፊ፣ ቀጣሪ የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ የአንድ ወጣት ስም ከአንድ ቁጥር ጋር በፊቱ ሲቀርብለት ወጣቱ ሲሠራ ሳያይ እንዳይፈርድ ከወዲሁ እናሳስባለን።