ለሽምብራ አንድ ውሃ ይበቃል፤ በወቅቱ ከደረሰ

«ሽምብራ ውሃ አይፈልግም» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በአደአ፣ በምንጃር፣ በደንቢያ ገበሬው ክረምቱ ሲወጣ ዋልካ መሬት ላይ ይዘራውና ሰብሉ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል፤ ሥሩም ጠልቆ ይጠጣል። ፈተናው የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። መስከረም አጋማሽ የተዘራው ኅዳር ላይ ያብባል፤ ዝናቡ ቀድሞ በወጣበት ዓመት ዋልካው መሰነጣጠቅ የሚጀምረውም ያኔ ነው። ውሃ ያጠረው ተክል አበባውንና ለጋ ፍሬውን ያረግፋል። አንዱ ፍሬ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዘር ስለሆነ፣ ብዙ ከረገፈ በኋላ የቀረው ቢሞላም ጉድለቱን አያካክስም።

ስለዚህ ለሽምብራ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ውሃ ያለው ገበሬ ከአበባ መጀመሪያ እስከ ፍሬ መቋጠር ባለው ጊዜ ቢያጠጣ ይሻላል እላለሁ። በቡቃያነቱ የጠጣ ሽምብራ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሥሩ ግን ወደ ታች ለመውረድ አይቸኩልም፤ ያ ሁሉ ቅጠል ደግሞ ኋላ የአፈሩን እርጥበት ቶሎ ይጨርሰዋል። ዘሩ በደረቅ አፈር ገብቶ መብቀል ካቃተው ግን ቀድሞ ማጠጣት ግድ ነው፤ ያልበቀለ አያብብም። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ በኋላ የሚመጣ ውሃ ደግሞ ተክሉን እንደገና ያለመልመውና አጨዳውን ያዛባል።

ዋልካ ላይ ማጠጣት ሥር ያበሰብሳል የሚሉ ገበሬዎች ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ የሥር መበስበስ ሽምብራን የሚፈጅ በሽታ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ የሚመጣው ውሃው ሲተኛ ነው። ስንጥቁ ሳይሰፋ በቦይ ለቅቆ ትርፉን ማንጣፈፍ ይቻላል። አፈሩን ክንድ ያህል ቆፍሮ መጨበጥም ይረዳል፤ ተጠቅልሎ ከያዘ መጠበቅ፣ ከተፈረፈረ ማጠጣት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው «ውሃውን ለሽንኩርት ብናውለው ገንዘብ ያመጣል» የሚለው ክርክር ነው። ሽንኩርት እስኪደርስ ከ350 እስከ 550 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ለሽምብራ የምለው አንድ ውሃ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለ1 ሄክታር 500 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ሽንኩርት የሚውለው ቢያንስ ሰባት ሄክታር ሽምብራ ያጠጣል። ሽንኩርት ይቅር አልልም፤ ገበሬውም ዕዳውን የሚከፍለው በእሱ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በድርቅ ዓመት የሰባት ሄክታር ሽምብራ የብዙ ቤት ሽሮ ነው።

እንቅፋቱ ያለው ተራው ላይ ነው። ውሃ በቀን ቆጠራ ሲዞር አበባው ተራ እስኪደርሰው አይጠብቅም። የውሃ አባቶችና የመስኖ ኮሚቴዎች ጥቅምት ሳያልቅ ማሳዎቹን ዞረው ይዩ፤ የትኛው መቼ እንደሚያብብ ይመዝግቡና የኅዳርን ተራ በዚያው ያውጡ።