የከብት ቆዳ ለፊት መስመር

እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዛይደርም የተባለውን፣ ከከብት ቆዳ የሚዘጋጅ ኮላጅን ፈቀደ። በእሱም የፊት ሽብሽብ መስመር በመርፌ ይሞላ ጀመር።

ተወጊዋ ግን መጀመሪያ ክንዷ ላይ ትንሽ ተወግታ አራት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነበረባት። ቦታው ቀልቶ ካበጠ ወይም ካሳከከ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ከ100 ሰዎች ሦስቱን ያህል እንዲህ ያደርግ ነበር። ይህን ሁሉ ታግሣ የሞላችው መስመር በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ብቅ ይላል። ገንዘቡ ያስቆጫል፤ ትዕግሥቱ ግን ክፉ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተፈቀደው ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለ መሙያ የክንድ ሙከራ አያስፈልገውም፣ ቆይታውም ይረዝማል። የከብቱ ኮላጅን ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ተወግቶ ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል። ይህ ጥድፊያ ያሳስባል፦ መሙያው ደም ሥር ውስጥ ከገባ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚያሟሟ ኢንዛይም አለ፤ ተወጊዋ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለባት ወጊው እሱን በእጁ መያዙን ነው።