ያልተነበበና ያልተመለሰ፦ የሠፈር ቴሌግራም ቡድን ከመዝገብ ቤት ምን ይማራል?

በአዲስ አበባ የሠፈር ጉዳይ የሚመከርበት ስፍራ ከዕድር ድንኳንና ከቀበሌ አዳራሽ አልፎ ወደ ቴሌግራም ቡድን ከገባ ሰንብቷል። የውኃ ፈረቃ፣ የመብራት መቋረጥ፣ የመንገድ ቁፋሮ፣ የጥበቃ ክፍያ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ሁሉም በአንድ መስኮት ይነሣሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ማስታወቂያቸውን በዚሁ መንገድ ማሰራጨት ለምደዋል። ሕዝብና አገልግሎት ሰጪ በዚህ ልክ መቀራረባቸው መልካም ነው። ይሁን እንጂ መልእክት የማድረስ ችሎታ በጨመረ መጠን መልስ የመስጠት ግዴታ አብሮ አድጓልን? የሚለው ጥያቄ በቂ ትኩረት አላገኘም።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤናና ከቤቴል ጋር የሚጎራበተውን ዓለም ባንክ ሠፈርን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። የውኃ ፈረቃ የተዛባባት አንዲት የሠፈሩ ነዋሪ ተራዋ መቼ እንደሆነ በቡድኑ ውስጥ ብትጠይቅ፣ ጥያቄዋ በደቂቃዎች ውስጥ በሐዘን መግለጫ፣ በጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያና በበዓል መልካም ምኞት ይሸፈናል። ማታ ስልኳን ስትከፍት ያልተነበቡ መልእክቶች 140 መድረሳቸውን ታይ ይሆናል። ከ140ው መካከል ለጥያቄዋ የተሰጠ መልስ መኖር አለመኖሩን ግን ያ ቁጥር አይነግራትም። ጀሪካን ይዛ ሌሊት መጠበቅ ወይም ተኝታ ማደር የሚወሰነው በዚህች አንዲት መልስ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ያልተነበበ መልእክትና ያልተመለሰ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ነው። ስልኩ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ ለሕዝብ አገልግሎትም ሆነ ለምርምር የሚጠቅመው የሁለተኛው ቆጠራ ነው።

የስልኩ ቁጥር ምን ይቆጥራል?

በቴሌግራም ከቡድኑ ስም አጠገብ የሚታየው ቁጥር፣ ተጠቃሚው ለመጨረሻ ጊዜ ካነበበ በኋላ የገቡትን መልእክቶች ሁሉ ይደምራል። ተጠቃሚው ቡድኑን ከፍቶ እስከ ታች ቢያወርደው፣ አንድም ቃል ባያነብ እንኳ ቁጥሩ ይጠፋል። የቡድኑ ድምፅ ሲዘጋ ደግሞ ቁጥሩ ግራጫ ሆኖ ከዓይን ይሸሻል። በቡድን ውስጥ ከተላከ መልእክት ጎን የሚታየው ጥንድ ምልክት ቢያንስ አንድ ሌላ አባል መልእክቱን ማየቱን ያሳያል፤ ያየው የሚመለከተው ኃላፊ ይሁን ወይም በአጋጣሚ ያለፈ ጎረቤት አይለይም።

መተግበሪያው የተሻለ መሣሪያም አለው። አንድ ሰው ለተወሰነ መልእክት «መልስ» የሚለውን ተጭኖ ከጻፈ፣ መልሱ ከጥያቄው ጋር ይያያዛል፤ ጠያቂውም ለይቶ የሚያሳውቅ ምልክት ይደርሰዋል። ችግሩ ብዙ ሰው መልሱን ሳያያይዝ ከታች መጻፉ ነው። «ነገ ይለቀቃል» የሚል ቃል ብቻውን ሲገኝ፣ ስለ ውኃው ይሁን ስለ መብራቱ ማወቅ የሚችለው በሰዓቱ የነበረ ሰው ብቻ ይሆናል።

መዝገብ ቤቱ ይቆጥር የነበረው

የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የደብዳቤ ሥርዓት ይህን ችግር ከስልክ በፊት ያውቀዋል። ወደ መሥሪያ ቤት የደረሰ ደብዳቤ በገቢ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ የላኪው ስምና ጉዳዩ ይጻፋል፤ ኃላፊው ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። መልሱ ሲወጣ በወጪ መዝገብ ይሠፍራል። መልሱ ራሱም «በቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን በተጻፈ ደብዳቤ» ብሎ ጥያቄውን እየጠራ ይጀምራል። ይህ አሰልቺ የሚመስል አቀማመጥ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ መልስን ከጥያቄ ጋር ያስራል። ሁለቱን መዝገቦች ያስተያየ ሰው የትኛው ደብዳቤ በማን እጅ መልስ እየጠበቀ እንዳለ ሊደርስበት ይችላል።

መዝገብ ቤቱን ማወደስ ግን በልክ መሆን አለበት። «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃልና የጠፋ ፋይል የዚያው ሥርዓት ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ባለጉዳዩ የገቢ ቁጥሩን ይዞ መከራከር መቻሉ ነው። በቴሌግራም ቡድን የጠየቀ ነዋሪ ይህ የለውም። ጥያቄው ከ300 ሰዎች ፊት ቀርቦ ሳለ፣ አንድም ሰው እንዲመልስለት አልተመራለትም።

ጉዳዩ የመብት ጉዳይም ነው

የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ያውቃል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ለጠየቀ ሰው ምላሽ የሚሰጥበትን ጊዜ በ30 ቀን ወስኗል። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ ያዛል። የእነዚህ ሕጎች መንፈስ ጥያቄ ባለቤት፣ ቀንና መልስ ይኑረው የሚል ነው። አገልግሎት ሰጪው ማስታወቂያውን በቴሌግራም እየለቀቀ፣ ከሥሩ የሚጻፈውን ጥያቄ ግን እንደ ጫጫታ ከቆጠረው፣ መሣሪያው የድምፅ ማጉያ ሆኖ ይቀራል፤ ነዋሪው ይሰማል እንጂ አይሰማም።

ተመራማሪው ምን ይቁጠር?

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና አስተዳደር የሚሠሩ ጥናቶች የአባላትን፣ የመልእክቶችንና የተመልካቾችን ብዛት ለመውሰድ ይቀናቸዋል፤ እነዚህ በቀላሉ ይገኛሉና። ብዙ የተጻፈበት ቡድን ግን ብዙ የተመለሰበት ላይሆን ይችላል። የሚሻለው ጥያቄዎችን ከሌላው ጽሑፍ ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር መመዝገብ ነው፦ መልስ አግኝቷል ወይ? ከስንት ሰዓት በኋላ? መላሹ ጎረቤት ነው ወይስ የሚመለከተው አካል? ሦስተኛው በተለይ ዋጋ አለው፤ በጎረቤት ግምት የተሞላ ክፍተት ከሩቅ ሲታይ አገልግሎት ሊመስል ይችላልና።

ይህ ቆጠራ የራሱ ወጥመድ አለው። መልስ በስልክ ጥሪ፣ በግል መልእክት ወይም በር ላይ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የተሰረዘ መልእክትም አሻራ አይተውም። ስለዚህ የጽሑፉ ቆጠራ ከጠያቂዎች ጋር በሚደረግ ቃለ መጠይቅ መመርመር ይኖርበታል። የአባላቱን ፈቃድ ማግኘትና ማንነታቸውን መሸሸግም የጥናቱ የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ የሠፈር ቡድን የአደባባይ ሰሌዳ አይደለም።

ሸክሙ በማን ላይ?

የቡድን አስተባባሪ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈለው ጎረቤት ነው፤ እርሱን የመዝገብ ቤት ሹም ማድረግ ተገቢ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው እውነት አለው። ስለዚህ ግዴታው መጀመሪያ የሚያርፈው ደመወዝ በሚከፈላቸው ላይ ነው። መስመሩን የከፈተ መሥሪያ ቤት ጥያቄ የሚመራለትን ባለሙያ ይሰይም፤ ያልተመለሱትን በየሳምንቱ በአንድ ዝርዝር አውጥቶ ከላይ ይሰካ፤ መልስ ከሌለውም «መልስ የለንም፣ በዚህ ቀን እንመለሳለን» ብሎ ይጻፍ። ከጎረቤቶች የሚጠበቀው ቀላል ነው፦ መልስን ከጥያቄው ጋር አያይዞ መጻፍ፣ የሚታወቀውን ከሚገመተው መለየት።

የዓለም ባንኳ ነዋሪ 140 መልእክት የማንበብ ግዴታ ሊኖርባት አይገባም። ለእርሷ የሚበጀው ጥያቄዋ ቁጥርና ባለቤት እንዲያገኝ፣ መልሱም ሲመጣ እርሷን ፈልጎ እንዲደርስ ነው። ያልተነበበውን ስልኩ ይቁጠረው፤ ያልተመለሰውን መቁጠር ግን የተቋማትና የተመራማሪዎች ሥራ ነው።