የባንክ ቃልና የገበያ ዋጋ

ብሔራዊ ባንክ መግለጫ ባወጣ ማግሥት በደሴ ፒያሳ የጨርቅ ዋጋ፣ በኮምቦልቻም የመለዋወጫ ዋጋ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ጥቂት መስመር ይህን ያህል ኀይል ከወዴት እንዳገኘ መመርመር ለተማሪዎቻችንና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የተገባ ነው እንላለን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ባንኩ የውጭ ገንዘብ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱን ባስታወቀ ዕለት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም የነበረው የአሜሪካ ዶላር 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሆነ። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የነበረው ዕቃ ግን የተገዛው ከዚያ በፊት ነው። ታዲያ ዋጋው ስለ ምን ይነሣል? ነጋዴው የሚያስበው ትናንት የገዛበትን ሳይሆን ነገ የሚተካበትን ዋጋ ነውና። ይህ አሳብ በራሱ ነውር የለበትም።

ነገር ግን ሁሉም ዕቃ አንድ አይደለም። መግለጫው ከመውጣቱ በፊት በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይመነዘር ነበር፤ ብዙ ነጋዴም ዋጋውን የሚቈርጠው በዚሁ ሒሳብ ነበር። እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ዳግመኛ ሲጨመር፣ ጭማሪው የወጪ ሳይሆን የፍርሃት ወይም የስግብግብነት ነው። በባንክ ምንዛሪ ይገቡ የነበሩት ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ግን በእርግጥ ይወደዳሉ፤ መንግሥትም ያን ጊዜ ድጎማ የሰጠው ስለዚህ ነበር።

የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሲናገር አስቀድሞ የሚናወጠው የቦንድና የአክሲዮን ዋጋ ነው። የእኛ የአክሲዮን ገበያ የተከፈተው በ2017 ዓ.ም. በመሆኑ ገና ለጋ ነው። ስለዚህ የባንኩ ቃል ፈጥኖ የሚደርሰው ከሱቅና ከጉሊት ነው፤ ጉዳቱም የሚከብደው ደመወዙና ጡረታው በብር ተቈርጦ በሚሰጠው ላይ ነው።

ባንኩ በዚያው ወር የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አድርጎ የወሰነው የዋጋን ንረት ለመግታት ነበር። ሰው ይህን ቃል ካመነ ዕቃ ለማከማቸት አይሻማም፤ ካላመነ ግን ዋጋው ከመግለጫው ቀድሞ ይሮጣል። እንግዲህ የባንኩ ድርሻ ግልጽ ተናግሮ በቃሉ መጽናት ነው። የወጣቱ ሠራተኛ ድርሻ ደግሞ መግለጫውን ራሱ አንብቦ፣ የትኛው ዕቃ እንደሚነካና የትኛው እንደማይነካ ለሕዝቡ ማስረዳት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ወሬ ከመከተል መዝገብ መመርመር ይሻላል።