የኋለኛውን የሚጠብቅ ጉዞ

«ባለቤቴ እሑድ እሑድ ማለዳ ብስክሌቱን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል። እኔም በልጅነቴ በኡም ጋርጉር ሜዳ ላይ ብስክሌት መንዳት ተምሬአለሁ። አንድ ቀን አብሬአቸው ብወጣ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ጀርባቸው እንኳ ጠፋብኝ። ብቻዬን ተመለስሁ። እኛስ የምንወጣበት ቀን የለንምን?»

ይህች አጭር ደብዳቤ ለቤተሰብ ዓምዳችን የደረሰችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጸሐፊዋ እኅታችን ስማቸው እንዳይገለጽ ስለ ጠየቁ ፈቃዳቸውን አክብረናል። እኔ ግን ደብዳቤዋን አንብቤ ስጨርስ አፈርሁ። ከፊት ሆነው ከጋለቡት መካከል አንዱ እኔው ነበርሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናቡ አብቅቶ መንገዱ በደረቀ ጊዜ የእሑድ ጠዋት የብስክሌት ጉዞ እንድናደርግ ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። በአካዳሚ እንደ ለመድሁትም አደራጀሁት፤ ፊሽካ፣ ሰልፍ፣ ሰዓት ተቆጥሮ የሚደረስበት ግብ። በመጀመሪያው እሑድ አሥራ አንድ ሰዎች ወጡ። በሦስተኛው እሑድ ስድስት ቀረን፤ ስድስታችንም ከሠላሳ ዓመት በታች የሆንን ወንዶች ነበርን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ ሃምሳ አለቃ «የቤት ጣጣ አለብኝ» ብለው ሲቀሩ እውነት መስሎኝ አለፍሁ። ወጥተው የማያውቁት ወይዛዝርትማ ለምን እንዳልወጡ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ውድድር የራሱ ቦታና ክብር አለው። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል የላከቻቸው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ብቻ እንደ ነበር ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እነ ገረመው ደንቦባ በዚያ ውድድር በቡድን ዘጠነኛ ወጥተዋል። በ2008 ዓ.ም. ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ዕለታዊ ድሎችን ተቀዳጅቶ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። ይሁን እንጂ እነዚህን ጀግኖች እንደ ምሳሌ የሚጠቅስ ጎረምሳ አንድ ነገር ይዘነጋል። በብስክሌት ውድድር ብቻውን የሚያሸንፍ የለም። ነፋስን ሰንጥቆ የሚሄደው የፊተኛው ነው፤ ከጎማው ሥር ተጠግቶ የሚከተለው ሰው ብዙ ጉልበት ይተርፈዋል። በመሆኑም የቡድኑ አባላት ቀኑን ሙሉ ነፋሱን በደረታቸው እየተቀበሉ አለቃቸውን እስከ መጨረሻው ሜትሮች ያደርሱታል። እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። ብርቱዎቹ ሮጥን፤ ነፋሱን ለደካማው ተውንለት።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ነፋስ ቀላል ነገር አይደለም። እኅታችን የሚያውቁት የኡም ጋርጉር ሜዳና እኛ ያለንበት ሜዳ የአንድ ጥቁር አፈር ልጆች ናቸው፤ ድንበር ቢለያቸውም ዋልካው፣ ሰሊጡና ማሽላው፣ የግራሩ እሾህ ያው ነው። በክረምት ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ቸርኬውን ስለሚይዘው ብስክሌት ነጂውን ሳይሆን ነጂው ብስክሌትን ይሸከማል። በበጋ ደግሞ አፈሩ ይሰነጠቅና ቀጭን ጎማ ይውጣል፤ ስለዚህ ከመንገድ ወጥቶ በእርሻ መካከል ማቋረጥ አይገባም። በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለእንዲህ ያለው ጉዞ የተመቸው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ሲሆን፣ በእነዚህ ወራት ነፋሱ ባመዛኙ ከሰሜን ይነፍሳል። እንግዲያው ሲወጡ ወደ ሰሜን፣ ሲመለሱ ወደ ደቡብ መሄድ ይሻላል። ጉልበት ሳይደክም ነፋሱን መጋፈጥ፣ ከደከሙ በኋላ ደግሞ በነፋሱ እየተገፉ ወደ ቤት መመለስ ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ያደረግሁት ግን ወደ ደቡብ መውጣት ነበር፤ ሲሄዱ የበረቱት ሁሉ ሲመለሱ ለምን እንደሚዝሉ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው» የሚሉ አዛውንት ጓደኞች አሉን። በ1946 ዓ.ም. በዲየን ቢየን ፉ ጦርነት የቬትናም ሰዎች በአንድ ብስክሌት ላይ ከ200 ኪሎ በላይ ጭነው በተራራና በጫካ እየገፉ ስንቅና ጥይት ማድረሳቸውን ላስታውሳቸው እወዳለሁ። «ለሴት አይሆንም» ለሚሉት ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሐዋሳ ብቅ ብለው ይመልከቱ እላለሁ። በእነዚያ ለጥ ያሉ ከተሞች ሴቱም ወንዱም ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት በብስክሌት ሲሄድ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በአዲስ አበባም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በወሩ የመጨረሻ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መከፈት በጀመሩ ጊዜ፣ ከጎዳናው ላይ የወጣው ስፖርተኛ ብቻ አልነበረም፤ ሕፃን ያዘለም ነበረበት። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ይህን ልማድ ከጀመረች ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኗታል።

ደብዳቤዋ ከደረሰችን በኋላ ፊሽካውን አስቀመጥሁ። ከጥቂት ጓደኞች ጋር ተመካክረን የወሰንነው ይህ ነው። ጉዞው ሁለት መመለሻ ይኖረዋል፤ አንዱ ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ ካለው ትልቅ ግራር፣ ሁለተኛው ከዚያ አልፎ። ብርታት ያለው ወደ ሁለተኛው ደርሶ ይመለሳል፤ የቀረው ከግራሩ ሥር አርፎ ይጠብቀዋል። ወደ ቤት የሚገባው ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው። ነፋሱን በደረት የሚቀበሉት ጎረምሶች ናቸው፤ የደከመ ሰው ወዲያው ከኋላቸው ይገባል። ከሁሉም በስተኋላ ጥገና የሚያውቅ አንድ ሰው ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መንፊያ ይዞ ይሄዳል፤ ከእርሱ ኋላ የሚቀር ሰው አይኖርም። ከሰሊጥ ጫኝ መኪናዎች ጋር እንዳንጋፋ በአንድ ረድፍ፣ ቀኝ ጠርዙን ይዘን እንሄዳለን። ነጠላ ወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር፤ የተንዘረፈፈ ጫፍ ካቴና ውስጥ ከገባ ነጠላውም ሰውም ይጎዳል። መንዳት ለማይችሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሜዳው ላይ ልምምድ አለ። ኮርቻው ዝቅ ይልና ሁለቱም እግሮች መሬት ይነካሉ፤ ፔዳሉም ይፈታል፤ ተማሪው መጀመሪያ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ሚዛን መጠበቅን ብቻ ይማራል። ከኋላ ኮርቻ ይዞ የሚሮጥ ባል አያስፈልግም፤ ይልቁንም የሚጮኽ ባል ከሜዳው ቢርቅ ይመረጣል።

እጅግ የከበደው ግን የልጆች ጉዳይ ነበር። ስለ ነፋስና ስለ ጎማ ስንነጋገር አንዲት እናት «ልጆቹን ማን ይይዛል?» ብለው ሲጠይቁ ወንዶቹ ሁላችንም ዝም አልን። መፍትሔው ተገኘ፤ በዚህ እሑድ የወጣ አባት በሚቀጥለው እሑድ ልጆች ይጠብቃል፤ የሁለትና የሦስት ቤት ልጆችን በአንድነት። የሚያጉረመርሙ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ልጅ ባይኖረኝም ተራ ገብቻለሁ።

ባለፈው እሑድ አሥራ ስድስት ሆነን ወጣን፤ አምስቱ ወይዛዝርት ነበሩ። ሃምሳ አለቃችንም «የቤት ጣጣው» ቀለል አለላቸው መሰለኝ ከግራሩ ደርሰው ውሃቸውን ጠጥተው በነፋሱ እየተገፉ ተመለሱ። በመንገድ ላይ የደብዳቤዋን ጸሐፊ የኋላ ጎማ እሾህ ወጋው። ባለቤታቸው ከመነዳሪውን አውጥቶ እስኪለጥፍ ድረስ አሥራ ስድስታችንም ቆመን ጠበቅን፤ እርሳቸው ግን ማስቲሹ ሳይደርቅ ሊያጣብቀው ሲቸኩል አይተው «ተው፣ ይድረቅ! በኡም ጋርጉር የለጠፍሁት እኔ ነኝ» አሉና ተቀበሉት።

የሚቀጥለው ጉዞ የፊታችን እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከሰፈሩ በር ይነሣል። ብስክሌት የሌላችሁ እስከ ዓርብ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ በተራ የሚሰጡ ሁለት ብስክሌቶች አሉ፤ አንደኛው ፍሬኑ ገና እየተጠገነ ነው።